እናቴን በጾም ወደ ኦርላንዶ እንውሰዳት ወይስ ገና ይለፍ?

ከደብረ ማርቆስ፦
ሰላም ያገሬ ልጆች። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ እኔንና እናታችንን ለጉብኝት ጠርቶን፣ ተመስገን ቪዛው ተመታልን። ኅዳር መጨረሻ እንነሳለን። እሱ በፈረንጅ ገና ሳምንት ሁላችንንም ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ ወደሚባለው ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ ሊወስደን አስቧል። ልጆቹ የ11፣ የ7 እና የ2 ዓመት ናቸው። እናቴ 70 አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾም አትገድፍም። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ ያለችኝ «በውቂያ ሰዓት ምን ዓይነት ሽርሽር ነው?» ነው። እውነቷን ነው፣ ጎዛምን ያሉ ዘመዶቻችን ያኔ አውድማ ላይ ናቸው። ሄዳችሁ ያያችሁ ካላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ? ምንስ እንያዝ?

ከአትላንታ፣ የሞጣ ልጅ፦
እታለም፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ለወንድምሽ ቀኑን ይቀይር በይው። የፈረንጆቹ ገና ዘንድሮ ታኅሣሥ 16 ነው። ከዚያ እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት ዲዝኒ በዓመቱ በጣም ከሚጨናነቅባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። ማጂክ ኪንግደም የሚባለው ፓርክ ሞልቶ ሰው ማስገባት ያቆመበት ጊዜ ሁሉ ነበር። የትኬቱ ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል፣ በዚያ ሳምንት ጣሪያ ይነካል። 3 ዓመት ያልሞላው በነጻ ይገባል። 10 የሞላው ግን እንደ አዋቂ ይከፍላል፤ ስለዚህ የ11 ዓመት ልጃችሁ ከእናትሽ እኩል ነው።

እኔ ብሆን ታኅሣሥ 29 ገናችንን ቤተ ክርስቲያን አክብሬ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ከዚያ በሥራ ቀን እነሳ ነበር። የዚህ አገር ተማሪ ያኔ ትምህርት ገብቷል፣ ሰልፉም ይቀላል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። በጃንዋሪ መጀመሪያ አካባቢ እዚያው የማራቶን ውድድር አለ፣ መንገድ ይዘጋል። የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ደግሞ የጃንዋሪ ሦስተኛ ሰኞ ነው፣ አንዳንድ ዓመት ከጥምቀት ጋር ይገጥማል። ያን ሰሞን ሕዝቡ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ጉልበቷ። ዲዝኒ ወርልድ አንድ ግቢ እንዳይመስላችሁ። አራት ፓርክ ነው፣ ካንዱ ወደ ሌላው በመኪና ነው የሚኬደው። በቀን አንዱ ይበቃችኋል፣ እሱም እግር ያዝላል። በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል። የኔ እናት መጥታ ሳለ «እኔ ምን ሆንኩና ነው በጋሪ የምገፋው?» ብላ አሻፈረኝ አለች። «የሞጣ ሰው እዚህ የለም፣ ማን ያይሻል?» ብላት ወይ ፍንክች። ኋላ የልጆቹን ቦርሳ ወንበሩ ላይ ጫንኩና «በይ እየገፋሽ ተደገፊበት» አልኳት። እስከ ቀትር ገፋች። ከቀትር በኋላ ቦርሳዎቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። በጣም የወደደችው አኒማል ኪንግደም በሚባለው ፓርክ ያለውን፣ እንስሳት እያሳየ የሚዞረውን የሳፋሪ መኪና ነው። ቀጭኔውንና ዝሆኑን አይታ «ይኼን ሁሉ ማን ይቀልበዋል?» ስትል ዋለች።

ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል። ጠርሙስና አልኮል ነው የሚከለክሉት፣ ቦርሳም ይፈትሻሉ። እናትሽ ጾሙ ላይ ከሄደች በሶ ይዛ ትሂድ። በፕላስቲክ ኮዳ ውሃ ጨምራ ትበጥብጠው፣ ዳቦ ቆሎም በኪሷ ይኑር። አሜሪካ ስትገቡ ግን ምግብ መያዛችሁን በግልጽ ተናገሩ። ቋንጣ ጭራሽ አትያዙ፣ ሥጋ ይወሰድባችኋል። ጋቢዋ አይቅር። ፍሎሪዳ ቀን ቀን ሞቃት ነው፣ ጠዋትና ማታ ግን ብርዱ የማርቆስን የሚያስንቅበት ቀን አለ።

የ7 ዓመቱን ደግሞ ቤት ለኩት። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው መጫወቻ 112 ሳንቲሜትር ያልደረሰን አያሳፍርም። ሳትለኩ ቃል እንዳትገቡለት፣ በር ላይ ለቅሶ ነው የሚሆነው።

ከሲያትል፣ የባሕር ዳር ልጅ፦
ወንድሜ፣ እናትየውን አሰብክ፣ ልጆቹን ረሳህ። የገናው ጌጥ ከአዲስ ዓመት በኋላ ይነሳል። ልጅ የሚሄደው ለመብራቱ አይደል እንዴ? ደግሞ ሁሉም ወላጅ ልጁን ሳምንት ከትምህርት ማስቀረት አይችልም። ማጂክ ኪንግደም በዲሴምበር ለብቻው ትኬት የሚቆረጥበት የማታ የገና ዝግጅት አለው። የዚያን የትርኢት ሰልፍና ርችት በመጨረሻው ሳምንት በመደበኛው ትኬት ነው የሚያሳዩት። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሄዳችሁ በሩ ሳይከፈት ድረሱ፣ ቀትር ላይ ወጥታችሁ ተኙ፣ ማታ ተመለሱ። እናትሽ ፓርክ ውስጥ በየቀኑ መግባት የለባትም። ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባል የገበያና የመናፈሻ ሰፈር አለ። መግቢያ የለውም፣ መኪና ማቆሚያውም ነጻ ነው፣ ያጌጡ የገና ዛፎች ተደርድረውበታል። አንቺ እዚያ ይዘሻት ዋይ፣ የሁለት ሰው ትኬት ተረፈ ማለት ነው። ሰው ቢጋፋችሁም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» በሉና እለፉ።

ከአትላንታ፣ የሞጣ ልጅ፦
የዲዝኒ ስፕሪንግሱን እቀበላለሁ። የገናውን ሳምንት ግን አሁንም አልመክርም። የጾሙን ነገር ተይው፣ አንድ መጫወቻ ለመሳፈር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆማ የምትጠብቅ እናት ናት? አንድ የዘለልነው ነገር ደግሞ አለ። ለጉብኝት የመጣ ሰው የጤና ኢንሹራንስ ከሌለው፣ ወድቆ ሆስፒታል ቢገባ ሂሳቡ ወንድምሽን ያራቁተዋል። ከመነሳታችሁ በፊት የጎብኚ ኢንሹራንስ ግዙላት። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ፓስፖርታችሁን ያዙ፣ አገር ውስጥ በረራ ነው ብላችሁ ቨርጂኒያ እንዳትተዉት።

ከደብረ ማርቆስ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድሜ አነበብኩለት። ሆቴል ይዟል፣ ግን መሰረዝ ይችላል፤ ትኬቱን ገና አልቆረጠም። የትልቋ ትምህርት ቤት በጃንዋሪ ፈተና ካለ ሊጠይቅ ነው። እናቴ በሶውን ልቁላ ብላኛለች፣ ስለ ወንበሩ አልነገርኳትም። የጎብኚ ኢንሹራንስ ለወላጁ የገዛ ካለ፣ የቆየ ሕመም ይሸፍን እንደሆነ ይጻፍልኝ። የጉልበቷ ነገር ያሳስበኛል።