የፓኪስታንን ፓርላማ ማን ጣለው?

አወያይ፦ ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1947 ነፃ ወጥታ በ1958 በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ወደቀች (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የዛሬው መከራከሪያችን ቀዳሚዎቹ ተጠያቂዎች ፖለቲከኞቹ ናቸው ወይስ ሳይመረጡ ሥልጣን የያዙት ሹማምንት የሚል ነው።

የታሪክ መምህር፦ እኔ ፖለቲከኞቹን አስቀድማለሁ። የአገሪቱ መሥራች ጂና በ1948 ሞተው፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊያቃት አሊ ካን በ1951 ራዋልፒንዲ ላይ ከተገደሉ በኋላ ገዢውን ፓርቲ ሙስሊም ሊግን የሚያስተባብር ሰው ጠፋ። ሕንድ ሕገ መንግሥቷን በ1950 ሥራ ላይ ስታውል ፓርላማም የነበረው የፓኪስታን አርቃቂ ጉባኤ ሰባት ዓመት ተቀምጦም አልጨረሰም። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምሥራቅ ቤንጋል (ከሕንድ ማዶ ያለው የአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል፣ የዛሬዋ ባንግላዴሽ) ሕዝብ ቋንቋው ዕውቅና እንዲያገኝ ሲጠይቅ በ1952 ዳካ ላይ ተማሪዎች በጥይት ተገደሉ። በ1954 የክፍለ አገሩ ምርጫ የቤንጋል ፓርቲዎች ጥምረት የሆነው የተባበረው ግንባር ከ309 መቀመጫዎች 223ቱን የወሰደው በዚህ ቁጣ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ የጉባኤውን መዘግየት አልክድም፤ የፈረሰው ግን ሊጨርስ ሲል መሆኑን መምህሩ ዘለውታል። የብሪታንያን ዘውድ የሚወክሉት ጠቅላይ ገዥ ጉላም ሙሐመድ በ1953 በጀት ያጸደቁትን ጠቅላይ ሚኒስትር ናዚሙዲንን አባረሩ፤ ጉባኤው በቀጣዩ ዓመት ይህን ሥልጣናቸውን በሕግ ቢገድብ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1954 ራሱን ጉባኤውን በተኑት። አፈ ጉባኤው ታሚዙዲን ካን ክስ መሥርተው በሲንድ ፍርድ ቤት ቢያሸንፉም፣ በዳኛ ሙኒር የሚመራው የፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ምክንያቱም ለአቤቱታው መሠረት የሆነው ሕግ የጠቅላይ ገዥው ፈቃድ የለውም የሚል ነበር። በድርጊቱ የተወቀሰው ሰው ፊርማ ስለጎደለ አቤቱታ ሲወድቅ ማየት፣ በእኔ ግምት፣ ከመፈንቅለ መንግሥት የሚያንስ አይደለም።

የታሪክ መምህር፦ ታዲያ ጉባኤው የፈረሰባቸው የናዚሙዲን ተተኪ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦግራ ለምን በሥልጣን ቆዩ? የጦር አዛዡ አዩብ ካን የመከላከያ ሚኒስትር በሆኑበት ካቢኔ ውስጥ የቤንጋሉ ፖለቲከኛ ሱህራዋርዲስ የሕግ ሚኒስትርነቱን ለምን ተቀበሉ?

ሌላ ተሳታፊ፦ ሁለታችሁም የምሥራቁን ሕዝብ ብዛት የፈራው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ ትቀራረባላችሁ። የ1956ቱ ሕገ መንግሥት ለሁለቱ ክፍሎች እኩል መቀመጫ የሰጠው የቤንጋልን ብልጫ ለማስቀረት ነው፤ በዚያም የምዕራቡ ፖለቲከኛና ሹም አንድ ነበሩ። በ1959 መጀመሪያ ሊካሄድ የታሰበው አጠቃላይ ምርጫም ከመድረሱ በፊት ፕሬዚዳንቱ ኢስካንደር ሚርዛ ኦክቶበር 7 ቀን 1958 ሕገ መንግሥቱን ሰረዙ፤ አዩብ ካንም በሃያ ቀን ውስጥ እሳቸውን አስወገዱ።

የሕግ ባለሙያ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ፍርሃቱ የጋራ ቢሆን እንኳ ትእዛዙን የፈረሙት ሹማምንቱ ናቸው።