ከቅጣቱ ብር ለተጎጂው ይድረሰው ወይስ አይድረሰው?

የጂሬን ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ የተነሳውን ክርክር እዚህ ላምጣው። መንግሥት ለፍትሕ የሚመድበው ብር ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለፍርድ ቤትና ለማረሚያ ቤት ይሄዳል። የተወጋውስ? የተደፈረችውስ? እኔ ከወንጀል ቅጣት ከሚሰበሰበው ላይ ለተጎጂ ይቀመጥ ባይ ነኝ። የሚቃወም ይምጣ።

ባለባጃጁ፦ ከራሴ ልጀምር። ዓምና ማታ የጫንኩት ሰው እጄን በቢላ ወጋኝ። ሰውየው ተይዞ ተፈርዶበታል፤ ወላሂ ፖሊሶቹን አልወቅስም። ግን መድኃኒቱን ከውጭ የገዛሁት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሥራ ፈታሁ። እሱ እስር ቤት በመንግሥት ብር ይበላል፣ የእኔ ትንሿ ጣት ደግሞ መሪ ስይዝ እስካሁን አትታጠፍም።

ጡረተኛው ፖሊስ፦ አይዞህ ልጄ። ግን ለፓትሮሉ ነዳጅ ጠፍቶ ሌሊት በእግሬ የሄድኩበትን ቀን አልረሳም። ያለችውን ብር ለካሳ ከበተናችኋት ያዥም አይኖር፣ ተቀጪም አይኖር። መጀመሪያ ሌባው ይያዝ።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ከነዳጁ ይቀነስ ያለ የለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1984 የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ ሲያቋቁሙ ብሩ የሚመጣው ከግብር ሳይሆን በፌዴራል ወንጀል ከሚቀጡት ነው። ለክልሎቻቸው በድጎማ ይከፋፈልና ለሕክምና፣ ለቀብር፣ ለቀረ የሥራ ገቢ፣ ለመጠለያ ይውላል። የእኛም ሕግ ባዶ አይደለም። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 102 ክፈቱ። ወንጀለኛው ካሳ የማይከፍል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከመቀጮው ወይም ከተወረሰው ዕቃ ሽያጭ ለተጎጂው እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል።

ባለባጃጁ፦ እንዴ! ይሄን ለእኔ ማን ነገረኝ?

የሕግ ተማሪ፦ ጠይቀህ ነበር?

ባለባጃጁ፦ ማንን? ጠበቃ የቆመለት ለእሱ ነው!

የሕግ ተማሪ፦ እሱማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። አቅም ለሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ ያቆማል። ያ አንቀጽ ስለ ተጎጂ ጠበቃ አያወራም። ዐቃቤ ሕግ አለ ትሉኛላችሁ፤ እሱ የመንግሥት እንጂ የአንተ አይደለም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔ ተቃዋሚ ነኝ። በቅጣት ላይ የቆመ ፈንድ አይታመንም። የአሜሪካኑም ሳስቶ ነበር። ትልልቅ ድርጅቶች ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምተው የሚከፍሉት ብር ወደ ዋናው ግምጃ ቤት ይገባ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጉን ማስተካከል ግድ ሆነ። እዚህ ደግሞ ድሃ ድሃን ወግቶ ምን ብር ይቀጣል? ፈንድ አለ ከተባለ በማግስቱ «ተደብድቤያለሁ» ባዩ ይሰለፋል፣ አታዩም?

ነርሷ፦ እህቴ፣ ውሸታሙን ፈርተን እውነተኛዋን እንተዋት? ሌሊት 9 ሰዓት የመጣች ልጅ ነበረች፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ ያደረገች። ልብሷ ለማስረጃ ተወሰደ። መወሰድም አለበት። ግን ምን ለብሳ ትውጣ? ተረኞቹ አዋጥተን ጠዋት ቀሚስ ገዛንላት። እኔ ፈንድ ስል ያቺን ቀሚስ ማለቴ ነው። ለቀጠሮ መመላለሻ ማለቴ ነው። ከአጋሮ እየተመላለሰች ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ብር ያልቅባትና ትቀራለች። ምስክር ሳይሰማ የያዛችሁት ሰው ይለቀቃል፣ ጋሼ።

ጡረተኛው ፖሊስ፦ ይሄኛው ገባኝ። ስንቱን ለፍተን ይዘን በምስክር እጦት ወጥቷል።

የመርካቶው፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጃርሱማ አለ አይደል? ሽማግሌ ፊት ካሳውን ቆጥሮ ይታረቃል። የኦሮሚያ ክልልም የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል።

ነርሷ፦ ለከብትና ለድንበር ይሁን። ለዚያች ልጅ እርቅ ሲባል ከማን ጋር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

የመርካቶው፦ እሱስ ልክ ነሽ።

የጂሬን ልጅ፦ እኔም ትንሽ ለዘብ አልኩ። ትልቁ ፈንድ ይቆይ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ያለችው ያሰጋል። የሐኪም ቤት ወጪ፣ ልብስና ትራንስፖርት ግን በመደበኛ በጀት ይያዝ፣ ቅጣት ተሰበሰበም አልተሰበሰበም። አንቀጽ 102ን ደግሞ ለተጎጂው ገና ቃሉን ሲሰጥ ይንገሩት።

ባለባጃጁ፦ ተማሪው፣ ስንት ነው ያልከኝ? 102? የእኔ መዝገብ ተዘግቷል፣ አሁንም ይሆናል?

የሕግ ተማሪ፦ ቅዳሜ የፍርዱን ግልባጭ ይዘህ ና። እናየዋለን።