ጥቆማ፦ ለቆጥ ላይ ባቡር የትኛው መስመር ይሻላል? ለገሃር፣ አስመራ ወይስ ቀላል ባቡር?

ባለ ቆጡ (ኮሎኝ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቹ አድገው ወጡ፤ ጣሪያው ሥር ያለው ክፍል ባዶውን ቀረ። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ80 ነው። ጣሪያው በሁለቱም ጎን ስለሚያዘቀዝቅ ቀና ብዬ መቆም የምችለው መሐሉ ላይ ብቻ ነው። እዚያ የሞዴል ባቡር ልሠራ ነው። የጀርመን ተራራና የጀርመን ጣቢያ አልፈልግም፤ እሱን ጎረቤቴ ሠርቶታል። ሦስት አስቤአለሁ፦ የድሮው የለገሃር–ድሬዳዋ መስመር፣ የምጽዋ–አስመራ፣ ወይም የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር። መጠኑ 1 ለ87 ነው፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ? ሐዲዱንና እንጨቱንስ በዚህ አካባቢ ከየት ልግዛ?

የድሬ ልጅ፦
ይህ ደግሞ ይጠየቃል? ድሬዳዋ ነዋ! ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። መስመሩ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ተራራው ስላስቸገረ ነው በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ሜዳው ላይ ሲደርስ ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። ጣቢያው አለ፣ የጥገና ወርክሾፑ አለ፣ የከዚራ ጥላማ መንገዶች አሉ። ባቡሩ እኛ ሰፈር በፈረንሳይኛው «ሸሚንደፈር» ነበር የሚባለው። አስመራና ቀላል ባቡር ከእሷ እኩል መሰለፋቸው ራሱ ገርሞኛል።

ስሌት ወዳድ፦
ከለገሃር ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ስለዚህ ጋሼ፣ ቆጡን 9 ኪሎ ሜትር ካስረዘሙት የድሬ ልጅ ምክር ይሠራል። ከምጽዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ 1 ኪሎ ሜትር ከ350 ሜትር ገደማ ይበቃዎታል፤ በጣም ቁጠባ ነው። ለመሆኑ ባለቤትዎ ያውቃሉ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

እቴ ሸዋ፦
ወንድሜ፣ ለገሃር አይሂዱ፤ ከዚያ የሚነሣ ባቡር የለም። አሁን ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ከለቡ ነው። ቀደም ብለው ይድረሱ፣ ፓስፖርትዎን አይርሱ፣ ስንቅ ይያዙ። ለእናቴ ባለፈው ዓመት ቲኬት የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ከመስኮቱ በኩል መቀመጥ ደስ ይላል።

ባለ ሊቶሪና (ሮም)፦
እቴ ሸዋ፣ እሳቸው የሚጠይቁት ስለ ትንሹ ባቡር ነው። ወደ ነገሩ ልመለስ። የምጽዋ–አስመራ መስመር ከባሕር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ዋሻው፣ የድንጋይ ቅስት ድልድዩ፣ ገደሉን ታክኮ የሚጠማዘዘው ሐዲድ ሁሉ ለሞዴል የተፈጠረ ይመስላል። በ1938 እ.ኤ.አ. የጣሊያኑ ፋብሪካ አንሳልዶ የሠራቸው ማሌት የሚባሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አሉ፤ የፊያት ሊቶሪና አለች። ሊቶሪና ደግሞ አንድ ፉርጎ የምታህል ባቡር ስለሆነች አጭር ጣቢያ ይበቃታል። ችግሩ ዳገቱ ነው። ሞዴል ባቡር ዳገት ላይ መንኰራኵሩ በከንቱ ይሽከረከራል። ከሁለት ተኩል በመቶ በላይ አያቁሙት።

መከረኛው ገዢ፦
መስመር ከመምረጥዎ በፊት እኔ የደረሰብኝን ይስሙ። በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሄድ ያገለገለ ሎኮሞቲቭ በኢንተርኔት ገዛሁ። «እንደ አዲስ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ የሮጠ» ይላል። ሲመጣ ከነሣጥኑ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሏል፤ ትንባሆ ይሸታል። ሐዲድ ላይ አስቀምጬ ኤሌክትሪኩን ስከፍት እንደ ቡና ወፍጮ አጓራ። ፈትቼ ባየው የውስጡ ጥርስ ለሁለት ተሰንጥቋል። ለሻጩ ጻፍሁለት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባቡር እኮ ድምፅ አለው።» 140 ዩሮ!

የድሬ ልጅ፦
140? በዚያ ገንዘብ ድሬዳዋ ደርሰህ ትመለስ ነበር።

ሙሉጊዜ፦
ከግለሰብ ስትገዛ ሲሮጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይልክ ገንዘብ አትስጥ። ከገዛህ ስንት ቀን ሆነህ? ገንዘቡን በምን ከፈልህ?

መከረኛው ገዢ፦
ከሦስት ሳምንት በላይ ሆነኝ። በባንክ ነው የላክሁት። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ አትንገሩኝ።

የሽማግሌው ደንበኛ፦
ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ብቻ የምገዛው። ኮሎኝ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባለ ሱቅ አሉ፤ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ይከፍታሉ። የፈለግኸውን ከመደርደሪያ አውርደው በሐዲድ ላይ አስሩጠው ያሳዩሃል። ዋጋቸው ከሌላው ከፍ ይላል፤ የ12 ሚሊ ሜትሩን ዕቃ አያመጡም፤ ካርድም አይቀበሉም። ቢሆንም ከእሳቸው ሌላ ሱቅ አልረግጥም።

ስሌት ወዳድ፦
የሚፈለገው ዕቃ የለም፣ ውድ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈታል። ጥቆማ ማለት ይህ ነው!

የሽማግሌው ደንበኛ፦
ቡና ያፈሉልሃል።

ልጅ ያሬድ፦
ስለ ቀላል ባቡሩ አንድ ሰው እንኳ አልተነፈሰም። ፉርጎዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ጠባብ ኩርባ አያስቸግራቸውም፤ ለትንሽ ክፍል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐዲዱ የተለመደው የ16.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በየሱቁ ይገኛል። አረንጓዴውና ሰማያዊው መስመር በአንድ ሐዲድ የሚሄዱበትን ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ከፍታ ድልድይ ብቻ ቢሠሩ ከታች ታክሲ፣ ሊስትሮ፣ ጃንጥላ ማስገባት ይቻላል።

አናጺው (ሽቱትጋርት)፦
ጋሼ፣ የልጅ ያሬድ ሐሳብ አይናቅም፤ ግን ልብዎ ወደ አሮጌው መስመር እንዳዘነበለ ከጽሑፍዎ ይታያል። ስለዚህ እንዲህ እላለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ክፍሉ። ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል በበጋ ምድጃ ነው፤ በክረምት ደግሞ በረዶ ቤት። የእኔ የመጀመሪያው ሥራዬ በአንድ ሐምሌ ነው የጠፋው። ሐዲዱን ጫፍ ለጫፍ አጥብቄ ገጥሜው ነበር። ሙቀቱ ሲመጣ ብረቱ ለቀቅ የሚልበት አጣና ወደ ጎን ተጣመመ፤ ጠዋት ስወጣ እንደ እባብ ተጠማዞ አገኘሁት። ስለዚህ አስቀድመው የጣሪያውን ሙቀት መከላከያ ያስተካክሉ። ከዚያ በየመገጣጠሚያው የወፍራም ወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ኤሌክትሪኩን በመገጣጠሚያው ሳይሆን በየሐዲዱ ሥር በተበየደ ሽቦ ያድርሱ። ለመደቡ 10 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይበቃል፤ ትልልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች በልክዎ ቈርጠው ይሰጣሉ። የመደቡ ወርድ ከ70 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ባቡር የሚወድቀው ሁልጊዜ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ስለ ሐዲዱ። የድሮው መስመር ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መሐል ያለው፣ 1 ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይስማማዋል። የስዊስ ተራራ ባቡሮችም ባለ 1 ሜትር ስለሆኑ ሐዲዱም ዕቃውም አለ። ፔኮ የሚባለው ኩባንያ ሐዲዱን ይሠራል፤ ቤሞ ሎኮሞቲቩንና ፉርጎውን። የአስመራው 95 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም በዚያው ሐዲድ ይሠራል፤ ልዩነቱ በዐይን አይታይም።

አሁን ስለ መስመሩ። ስሌት ወዳድ ሲቀልድም እውነቱን ነው፤ መስመር ቆጥ ውስጥ አይገባም። 5 ሜትርዎ በእውነተኛው ምድር 435 ሜትር ነው። አንድ ቦታ ይምረጡ። እኔ ብሆን አዋሽን እሠራለሁ። በአንድ ጫፍ ጣቢያው፣ በሌላው ጫፍ ገደሉና የብረት ድልድዩ፤ መሐሉ ግራርና ቢጫ ሣር። ዱሮ ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አዋሽ ያድር ነበር። እስቲ ያስቡት፤ መሽቷል፣ ባቡሩ ቆሟል፣ የጣቢያው ሆቴል የቡፌ ደ አዋሽ በረንዳ መብራት ቡገንቪሊያው ላይ ወድቋል፣ አንድ ሰው ሻንጣ ተሸክሞ ይሻገራል። ሞዴል ባቡር የግድ ክብ እየዞረ መሄድ አለበት የሚባል ነገር የለም። ያዘቀዘቀውንም ጣሪያ የአዋሽን ሰማይ ይቀቡት፤ ያን ጊዜ እንቅፋትነቱ ይቀራል።

የድሬ ልጅ፦
ጥሩ ጽፈሃል። ግን ባቡሩ ድሬም ያድር ነበር።

ባለ ሊቶሪና (ሮም)፦
የአስመራ ባቡር ደግሞ ማደርም አያስፈልገው።

ባለ ቆጡ (ኮሎኝ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አናጺው፣ እጅህ ይባረክ፤ ትናንት ወጥቼ ሙቀቱን ለካሁ፤ 38 ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ። የጭነት ፉርጎዎቹ ቀለም ቡናማ ነበር ወይስ አመድማ?

የድሬ ልጅ፦
አመድማ። ወርክሾፑ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ነው ያደግሁት።

የናዝሬቱ፦
ቡናማ! ቆርኪ ሐዲዱ ላይ አስቀምጠን፣ ባቡሩ እስኪደፈጥጥልን ሆዳችንን መሬት አስነክተን ነበር የምንጠብቀው። ፉርጎው ያልፍ የነበረው አፍንጫዬ ሥር ነው።

የድሬ ልጅ፦
ከአፍንጫህ ሥር ያየኸው አቧራውን ነው።

እቴ ሸዋ፦
ይቅርታ፣ ትንሹ ባቡር መሆኑን አሁን ገባኝ። ታዲያ የትኛውን መረጡ?

መከረኛው ገዢ፦
ሻጩ ዛሬ ጻፈልኝ። ሎኮሞቲቩን ግድ የለኝም፣ ሣጥኑን መልስልኝ ይላል፤ ሣጥኑ ብርቅ ነው አሉ።