የጨረቃ ቤት የሚበዛው ሕጉ ስለላላ ነው ወይስ ስለጠበቀ?

አወያይ፦ በሚያድጉ ከተሞች ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቤት እየበዛ ነው። ገሚሱ «ቁጥጥሩ ላልቷል» ይላል፤ ገሚሱ «ደንቡ ራሱ ድሃውን ይገፋል» ይላል። እናንተስ?

ተከራይ፦ ደንቡ ነዋ! ቦታው ከዚህ ካሬ አይነስ፣ የመኪና ማቆሚያ ይኑረው ይባላል። መኪና የሌለው ሰው ለማቆሚያ ይከፍላል ማለት ነው። አቅሙ ለ60 ካሬ የሆነን ሰው 200 ካሬ ግዛ ካልከው ከደላላ ገዝቶ ሌሊት ይሠራል።

ቀያሽ፦ ቀስ በል ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ላይ ከዝናብ በኋላ ተራራ ተንዶ ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ። «ቁልቁለት ላይ አትሥሩ» ማለት ቅንጦት ነው?

ተከራይ፦ አይደለም። ግን ሜዳው ቢፈቀድለት ማን ገደል አፋፍ ይሄዳል?

የፕላን ባለሙያ፦ የምታወሩት ስለ ሁለት ዓይነት ደንብ ነው። የጎርፍ መውረጃን መከልከል ነፍስ ያድናል። ትልቅ ቦታ ካልያዝክ አትሥራ ማለት ግን፣ ልናገረውና፣ ብዙ ጊዜ ድሃ ጎረቤት እንዳይመጣ ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1979 ዝቅተኛውን የቦታ ስፋት 125 ካሬ ስታደርግ ለድሆች መኖሪያ ግን ከዚያ ያነሰ እንዲፈቀድ በር ተወች። የብራዚሏ ከተማ ሬሲፌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 የድሃ ሰፈሮችን ልዩ ዞን ብላ በፕላኗ ውስጥ አስገባች።

ቀያሽ፦ ከዚያስ? አንዱ ሰፈር ሕጋዊ ሲሆን ደላላው ቀጣዩን ይሸነሽናል። መንገድ ያልተተወለት ሰፈር ውስጥ በኋላ መንገድ ላውጣ ብትይ ቤት ማፍረስ ነው።

የፕላን ባለሙያ፦ እሱ ልክ ነው፤ ሽንሻኖው ከሰው መቅደም አለበት። በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 መሬት ወርረው የነበሩ ቤተሰቦች ቪላ ኤል ሳልቫዶር በተባለ አዲስ ሰፈር ሰፈሩ። መንገዱና ቦታው ተለክቶ ተሰጣቸው። ቤቱን ራሳቸው ቀስ በቀስ ሠሩ፤ መብራትና ውሃ በኋላ መጣ።

ተከራይ፦ በረሃ ላይ ነው እኮ ያሰፈሯቸው!

ባለ ካርታ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በስንት ደጅ ጥናት ካርታ አወጣሁ። ዝም ብሎ የሠራው ጎረቤቴም ሕጋዊ ተባለ። ሞኙ እኔ ነኝ?

የፕላን ባለሙያ፦ አይደለህም። ግን ያ ደጅ ጥናት ባይኖር ጎረቤትህም ተሰልፎ ያወጣ ነበር።

ባለ ካርታ፦ እሺ፣ ይቅለል። ጎርፍ መውረጃው ላይ ያለውስ ይነሳ?

ተከራይ፦ ይነሳ። ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ግን ምትክ ቦታው ይታይ። ከሥራው ካራቃችሁት ተመልሶ እዚያው ይሠራል።