የአጥንት ንቅለ ተከላን በእንግዴ ልጅ ሽፋን መሸፈን፦ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የጥርስ ሐኪሞችም ሆናችሁ በራሳችሁ የሞከራችሁት ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የታችኛው መንጋጋዬ አጥንት ሳስቷል። ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ከመተከሉ በፊት የአጥንት ዱቄት ይሞላበታል ተባልኩ። እስከዚህ ተግባብተናል። ከዱቄቱ በላይ ምን ይልበስ የሚለው ላይ ግን ግራ ገባኝ።

ሐኪሜ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፦ ከእንስሳ ኮላጅን (በቆዳና በጅማት ውስጥ ከሚገኝ ፕሮቲን) የተሠራ ሽፋን፣ ወይም ከእንግዴ ልጅ የሚዘጋጅ ስስ ሽፋን። ሁለተኛውን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቀፈፈኝ። ሳነብ ግን በቀዶ ጥገና ከወለዱና ፈቃድ ከሰጡ እናቶች እንደሚወሰድ አወቅሁ። እናትየዋ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስና ለቂጥኝ ትመረመራለች። ሽፋኑም ታጥቦ፣ ደርቆና ከጀርም ጸድቶ ይታሸጋል። ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ለቆዳ ንቅለ ተከላ ተሞክሯል። ስለዚህ እሱ አያሳስበኝም።

ያልገባኝ ሌላ ነው። የድድ ሥጋ ከአጥንት ቀድሞ ያድጋል። ሽፋኑ የሚደረገው ድዱ ገብቶ የአጥንቱን ቦታ እንዳይቀማ ነው። የእንግዴ ልጅ ሽፋን ግን በጣም ስስ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል። አጥንቱ ለመጠንከር ወራት ይፈጃል። ታዲያ በመሃል ማን ይጠብቀዋል? በውስጡ ያሉት የዕድገት ፕሮቲኖች ቁስሉን ቶሎ ስለሚያድኑ ይበቃል የሚሉ አሉ። ለአንዲት የተነቀለች ጥርስ ጉድጓድ እሺ፣ ለሰፊ ክፍተትስ?

ከኮላጅን ጋር ደርቦ የተጠቀመ አለ? ስፌቱ ተከፍቶ ሽፋኑ ቢጋለጥስ ምን ይደረጋል? ቀጠሮዬ ስለደረሰ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።