የወፍ ጉንፋን ክትባት ቢመጣ ከነአጋዡ እንቀበል? የድሬዳዋ ክርክር

የሳቢያን መምህር፦ ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዶሮና ለፀጉራቸው ከሚረቡ እንስሳት ጋር ለሚውሉ ሠራተኞቿ የወፍ ጉንፋን ክትባት መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ ውስጥ አድጁቫንት የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ፣ ዘይት ያለበት አጋዥ አለ። ነገ ለእኛ ቢደርስ ለቀፊራ ዶሮ ሻጮች ይሰጥ ወይስ አጋዥ የሌለው ይጠበቅ? ሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። በ2006 ቫይረሱ ጅቡቲ ገብቶ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ይዞ ነበር፤ ጅቡቲ ደግሞ የባቡራችን መድረሻ ናት።

የከዚራው፦ ይጠበቅ ባይ ነኝ። በ2009 የአሳማ ጉንፋን ጊዜ ፓንደምሪክስ የተባለ፣ ኤኤስ03 የሚሉት አጋዥ ያለበት ክትባት አውሮፓ ውስጥ ተሰጠ። ፊንላንድ ውስጥ ከ4 እስከ 19 ዓመት ባሉ የተከተቡ ልጆች ላይ ናርኮሌፕሲ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ የሚጥል በሽታ፣ ካልተከተቡት ከ12 እጥፍ በላይ ታየ። መዝገብ ስለነበራቸው ደረሱበት። እኛ ዘንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ «ሰነፍ» ይባላል እንጂ ማን ከክትባት ጋር ያያይዘዋል?

የቀፊራ ዶሮ ሻጭ፦ እናንተ ስለ መዝገብ ታወራላችሁ። ፈንግል ሲገባ ማታ ደህና የነበሩትን ዶሮዎች ጠዋት አንገታቸው ተጠምዝዞ አገኛቸዋለሁ። ከቅርጫቱ በባዶ እጄ የማወጣቸው እኔ ነኝ፤ ላባው አፍንጫዬ ድረስ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ የአጋዡ ዘይት ከምንድን ነው? ሐራም እንዳይሆን።

ነርሷ፦ እናቴ፣ ፈንግል ይሁን የወፍ ጉንፋን በዓይን አይለይም፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ዘይቱ ስኳሊን ይባላል፤ ለክትባት የሚውለው ሻርክ ከሚባለው ዓሣ ጉበት ሲወጣ ኖሯል፤ የእኛም ጉበት ያመርተዋል።

ወንድሜ ያነሳው የናርኮሌፕሲ ጉዳይ እውነት ነው፤ ማስተባበል ነውር ነው። ጥፋቱን ለአጋዡ ብቻ መስጠት ግን አይቻልም። ካናዳ ውስጥ ያው ኤኤስ03 ያለበት ክትባት ለሚሊዮኖች ተሰጥቶ የፊንላንድን ያህል ጉዳት አልታየም፤ የቫይረሱ ክፍል የተዘጋጀበት መንገድ የተለየ ነበር። ከታመሙት አብዛኞቹም አንድ ዓይነት የዘረመል ምልክት ነበራቸው። ፊንላንድ አሁን በምትሰጠው ውስጥ ያለው ደግሞ ኤምኤፍ59 ነው፤ ከ1997 ጀምሮ በአረጋውያን የጉንፋን ክትባት ውስጥ ያለ አጋዥ።

አጋዥ የሌለው እንዳይባል፣ ተሞክሯል። አሜሪካ በ2007 የፈቀደችው ኤች5ኤን1 ለሚባለው የወፍ ጉንፋን ዓይነት የሚሆን ክትባት በአንድ መርፌ 90 ማይክሮግራም የቫይረሱ ክፍል ይዞ ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ነበር። ለየዓመቱ ጉንፋን ለአንድ ዝርያ 15 ይበቃል። ያም ሆኖ በቂ ፀረ እንግዳ አካል ያበጁት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ሰውነታችን ኤች5ን አይቶት አያውቅማ! ኤኤስ03 ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ 3.75 ማይክሮግራም በቃ። ለአንድ ሰው የነበረው ለ24 ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ክትባት በብዛት የሚመረተው በዶሮ እንቁላል ውስጥ ነው። ዶሮ ባለቀበት ዓመት እንቁላሉ ከየት ይመጣል? የወረፋው ጭራ ላይ የምንቆመውስ ማን ነን?

ሕመም አለው፣ አልደብቅም። ልጄ በ6 ሳምንቱ ፔንታ ሲወጋ ጭኑ ላይ አተር የምታክል ጠጣር እብጠት ወጥታ ሁለት ሌሊት አስለቅሳዋለች። በዚያ ክትባት ያለው አጋዥ የአሉሚኒየም ጨው ነው፤ የዘይቶቹ ከዚያ ይብሳሉ፣ ክንድ ያሳምማሉ፣ ያተኩሳሉም።

የከዚራው፦ ስለ ዶሮ ሻጮቹ እጄን ሰጥቻለሁ። ስለ ልጆች ግን አልሰጥም። ለአዋቂም ቢሆን የክትባቱ ስምና የምርት ቁጥር ካርድ ላይ ይጻፍ፤ ከተወጉ በኋላም አንድ ዓመት የሚከታተል ሰው ይመደብ። ያለዚያ ፊርማዬን አታገኙም።

ነርሷ፦ ይህንንማ እኔም እፈርማለሁ።

የቀፊራ ዶሮ ሻጭ፦ ካርዱን እኔው እይዛለሁ። ሁለተኛው መርፌ ግን ከበዓል ገበያ በፊት ይሁንልኝ፤ በዚያ ሳምንት ከቅርጫቴ መነሳት አልችልም።