ጥቆማ፦ በሎክታይት የተያዘ የሞተር ሳይክል ቡሎን ጅማ ውስጥ በምን ይፈታል?

ከጅሬን ቁልቁል ስወርድ የፊት ፍሬኑ እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ዲስኩ ተጣሟል። አዲስ ዲስክ ገዛሁና ጎማውን አውርጄ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። አምስት ቡሎን ፈትቶ መልሶ ማሰር ነው፣ ምን አለው ብዬ። አንዱም አልነቃነቅ አለ። ሥራው አራት ቀን ፈጀ። በአራቱ ቀን ሰፈራችን ውስጥ የሚሞከረውን ሁሉ ሞክሬአለሁ። ሞተራችሁን ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች እንደኔ እንዳትለፉ የሚረባውንና የማይረባውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። ቡሎኑን የያዘው ዝገት ነው ወይስ ሎክታይት፣ ማለትም ቡሎን እንዳይላላ ጥርሱ ላይ የሚቀባው ማጣበቂያ? የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ውጭ የሚያድር ሞተር መዛጉ አይቀርም። የዛገ ቡሎን ዙሪያው ቡናማ ይሆናል፣ ሲዞርም ይንቋቋል። በሎክታይት የተያዘው ግን ከላይ ንጹሕ ነው፤ ዝም ብሎ ይደርቅባችኋል። አንዱ ከወጣላችሁ ጥርሱን እዩት። የደረቀ ሰማያዊ ወይም ቀይ ቅርፊት ካለበት ሎክታይት ነው። የፍሬን ዲስክ ቡሎን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ዝገት ዘይት ይፈልጋል፤ ሎክታይት ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን በከንቱ ሄዶብኛል።

የመጀመሪያው ቀን የሄደው በደብሊው ዲ 40፣ በሚነፋው የዝገት ዘይት ነው። መርካቶ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ "ቡሎን እምቢ አለኝ" ስትሉ ቶሎ የሚወጣላችሁ እሱ ነው። ለዛገ ቡሎን ጥሩ ነው፤ ማታ ነፍቶ ጠዋት መፍታት። የደረቀ ሎክታይትን ግን አያላላውም። የሎክታይት ፈሳሽ አየር እስካገኘ ድረስ አይደርቅም። ጠርሙሱ ሞልቶ የማይሸጠውም ለዚህ ነው። ጥርስና ጥርስ መሃል አየር ሲያጣ ግን ብረቱን ነክቶ ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ ይለወጣል። ፕላስቲኩ ክፍተቱን ሞልቶ ስለሚይዝ ዘይት የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ይባስ ብሎ ዘይቱ የፍሬን ዲስክና ሸራ ላይ ከደረሰ ፍሬን አይይዝም። ዲስክ አጠገብ ምንም ዘይት አትንፉ፤ ይህን አደራ እላለሁ።

እናቴ "የፈላ ውሃ አፍስስበት" አለችኝ። አፈሰስኩ። አልሆነም። በኋላ ምክንያቱን አገኘሁት። ጠንካራው ዓይነት የሚለሰልሰው 250 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ጅማ ደግሞ ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀበናው ሙሉ ቢፈስስ አይደርስም።

መፍትሔው ግን እዚያው ጀበናው ሥር ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ቡና ሲፈላ ከሰሉን አየሁት። የ14 ቁጥር ፌሮ ቁራጭ ከተትኩበት፤ ጫፉ ቀይ እስኪሆን ጠበቅኩ። በፒንሳ ይዤ የቡሎኑ ራስ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል አስደገፍኩት። መልሼ አግዬ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ሳይቀዘቅዝ ቁልፉን አስገብቼ በዝግታ ስጫነው "ጠቅ" አለና ተነቃነቀ። ሦስት ቡሎን በዚህ ወጣ። ከሞከርኩት ሁሉ አንደኛ የምጠቁማችሁ ይህንን ነው፤ ወጪ የለውም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ሙቀቱም ቡሎኑ ላይ ብቻ ያርፋል።

ጥንቃቄውን አትርሱ። ጎማውን አውርዳችሁ ከቤንዚን ታንክ ራቅ አድርጋችሁ ሥሩ። የሚቃጠለው ሎክታይት ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጣል፣ ስለዚህ ደጅ ሁኑ። የቸርኬው መሃል አሉሚኒየም ከሆነ የእሳት ነበልባል በቀጥታ አታስጠጉ፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ ሳያስጠነቅቅ ይበላሻል። የኩሽኔታው ላስቲክም በቅርብ ነው። በብሬክ ማጽጃ ያጠባችሁት ነገር ካለ ሳይደርቅ አታሙቁት፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲሞቅ መርዛም ጋዝ ያወጣል።

ሂት ገን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ያለው ሰው በዚያው ይሥራ፣ ጥሩ ነው። መብራት ግን ይፈልጋል። የሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ሙቅ አየር የሚነፋው ማሽን ሙቀቱ በቂ ቢሆንም ንፋሱ ትንሽ ነው። ለዲስክ ቡሎን አይበቃም። ለትናንሽ ቡሎን ከሱ ይልቅ የእነሱን የብየዳ ካውያ ተዋሱ፤ ጫፉን የአለን ቡሎኑ (ራሱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው) ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ጋራዥ። አራተኛውን ቡሎን ያበላሸብኝ ጋራዥ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ልጁ ሳያሞቀው ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰካና ተንጠለጠለበት። የአለኑ ቀዳዳ ክብ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የትም ጋራዥ ስገባ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ "ወንድሜ፣ በምን ትፈታዋለህ?" "አሞቀዋለሁ" ካለ ሞተሩን ስጡት። ቱቦ ፍለጋ ከተነሳ አመስግናችሁ ውጡ።

ራሱ ለተበላ ቡሎን ከጋራዥ ይልቅ ብየዳ ቤት እመርጣለሁ። ጎማውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። በያጁ ትልቅ ሰው ናቸው። አዩትና "ዳዶ እንበይድበታለን፣ አይዞህ" አሉኝ። የተበላው ራስ ላይ ዳዶ አስቀምጠው ከውስጥ በኩል በየዱት። የብየዳው ሙቀት ሎክታይቱን አላላው፤ ዳዶው ደግሞ ለቁልፍ መያዣ ሆነ። ጥቂት ቆይተው በተራ ቁልፍ አወጡት። አምስተኛውንም በዚያው አሞቁልኝ። የማሽኑ ሁለተኛ ገመድ ቡሎኑ አጠገብ እንዲታሰር ንገሩ፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ካለፈ ይጎዳዋል። ጎማውን ሳያወርዱ ሞተሩ ላይ እንዳለ መበየድ ደግሞ አይታሰብም።

ቶርኖ ቤት የመጨረሻ ነው። ቡሎኑ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ በትራፓኖ ቆፍረው አዲስ ጥርስ ያወጡለታል። በእጅ በሚያዝ ትራፓኖ ቤታችሁ ውስጥ አትሞክሩት፤ ፑንታው ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ይሸሻል።

መልሳችሁ ስታስሩ የድሮውን ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ አንሱ፣ ዘይቱን በአሴቶን ጥረጉ። ከሎክታይት 243 የተባለውን ሰማያዊውን ነው የምጠቁመው። አንድ ጠብታ ይበቃል፣ በኋላም በእጅ ቁልፍ ይፈታል። 271 ቀይ ነው፣ ያለ ሙቀት አይወጣም። በቀለም ብቻ ግን አትግዙ፤ 270 አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከጠንካራዎቹ ነው። ቁጥሩን አንብቡ። ሱፐር ግሉ በሱ ፋንታ የሚቀቡ አሉ፤ ለፍሬን ዲስክ አላምነውም። ካሰራችሁ በኋላ ሞተሩን 24 ሰዓት አቁሙት፣ እስኪደርቅ።

እኔ 243ቱን ያስመጣሁት አዲስ አበባ ከሚመላለስ ጓደኛዬ ነው። ጅማ ውስጥ ትክክለኛውን፣ ቁጥሩና ጊዜው በግልጽ የተጻፈበትን የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ጠርሙሴ እያለቀ ነው፣ የኋላው ዲስክም ተራውን እየጠበቀ ነው።